ጥፋቱ የተኳሹ አልነበረም

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ስለ አንደኛው የዓለም ጦርነት ምሽጎች ባወጣችሁት ጽሑፍ፣ በጥድፊያ የተሠሩት የጠመንጃ ቦምቦችና የሞርታር ጥይቶች የከሸፉት ወታደሩ አያያዛቸውን ስላላወቀ ነው ተብሏል። አይደለም። አብዛኛው ጣጣ የመጣው ጥይቱና መሣሪያው አንዱ ለሌላው ስላልተሠሩ ነው።

የእንግሊዞቹን ባለዘንግ ቦምብ ተመልከቱ። ከግርጌው የተተከለው ቀጭን ዘንግ በአፈሙዙ ገብቶ ይቀመጣል፤ የሚያስወነጭፈው እርሳስ (አረር) የሌለው፣ ባሩድ ብቻ የያዘ ጥይት ነው። ጋዙ ባዶውን በርሜል አልፎ ከዘንጉ ጫፍ ጋር ሲላተም ግፊቱ እዚያችው ነጥብ ላይ ያይላል፤ በርሜሉም በዚያው ልክ እንደ ቀለበት ዙሪያውን ያብጣል። እንዲህ ያለ ጠመንጃ አነጣጥሮ መምታት አይሆንለትም፤ ለቦምብ ብቻ ተለይቶ ይቀመጣል። በስህተት ባለእርሳስ ጥይት ከጎረሰማ መከራው የተኳሹ ነው። ርግጫውንም ትከሻ ስለማይችለው ሰደፉ መሬት ላይ ይደገፋል፤ እንግዲህ ዒላማው በግምት ነው ማለት ነው።

ፈረንሳዮች ይህን በቪቬን-ቤሲዬር ቦምብ ገላገሉት። አፈሙዙ ላይ 50 ሚሊሜትር ስፋት ያለው የብረት ጽዋ ይገጠማል፤ ተራው ጥይት በቦምቡ መሀል ባለው ቀዳዳ ሲያልፍ ፊውዙን (ቦምቡን የሚያፈነዳውን ማቀጣጠያ) ያስነሣል፣ ተከትሎት የሚመጣው ጋዝ ቦምቡን ይወረውራል። ልዩ ጥይት መያዝ ቀረ፤ ጥይት የማምታታቱም ስህተት አብሮ ቀረ። ወታደሩ ግን ያው ወታደር ነበር።

በሞርታሩም ነገሩ ያው ነው። በ1915 እ.ኤ.አ. የተነደፈው የእንግሊዞቹ የስቶክስ ሞርታር «ባለ 3 ኢንች» ይባል እንጂ አፉ 81 ሚሊሜትር ነው። የመጀመሪያው ቦምቡ ክንፍ አልነበረውም፤ አየር ላይ እየተገለባበጠ ስለሚሄድ በየትኛው ጫፉ እንደሚያርፍ አይታወቅም። ስለዚህ አፍንጫው ሲነካ የሚፈነዳ ፊውዝ አልሆነውም፤ ሚልስ ከሚባለው የእንግሊዞች የእጅ ቦምብ የተወሰደ፣ በጊዜ የሚሠራ ፊውዝ ተሰጠው። ጊዜው ካጠረ አየር ላይ፣ ከረዘመ ደግሞ መሬት ላይ ተጋድሞ ቆይቶ ይፈነዳል። በክንፍ ቀጥ ብሎ በአፍንጫው የሚያርፈው የፈረንሳዊው መሣሪያ ነዳፊ የኤድጋር ብራንት ዓይነት ቦምብ ሲመጣ ነው ይህ የቀረው። ቱቦው ውስጥ የተጋገረ ጭቃና ጥላሸትም አለ፦ ቦምቡ በራሱ ክብደት ወርዶ መቺውን መርፌ ካልመታ አይተኮስም። ባሩዱ እርጥበት ከነካው ደግሞ ሳይርቅ ከወዳጅ ምሽግ ፊት ይወድቃል።

ከፎቶው ሥር «ዝጎ የሞተ ቦምብ» ያላችሁትም ይታረም። በሚልስ ቦምብ መቺውን አግተው የሚይዙት ማንሻውና ባለቀለበቱ ሽቦ ናቸው፤ ዝገት ቀድሞ የሚበላውም እንዲህ ያሉትን ቀጫጭን ብረቶች ነው፤ እነሱ ከተበሉ መቺው ሊለቀቅ ይችላል፤ ውስጡ ያለው ፈንጂ ግን አብሮ አይዝግም። ቤልጅየም ውስጥ ኢፕር አካባቢ ገበሬ እስከ ዛሬ ሲያርስ የሚያወጣቸውን እነዚህን ቦምቦች የሚያነሣው የሠራዊቱ ፈንጂ አምካኝ ክፍል ነው። ያገኘ ሰው ሳይነካ፣ ሳያጸዳ፣ ቦታውን ምልክት አድርጎ በመጣበት ይመለስ፤ ለፖሊስም ይንገር።

ከሰላምታ ጋር
የዘወትር አንባቢያችሁ