የድሃ ልብስ የት ይገኛል?

ይድረስ ለወዳጄ፣

እንደምን ከርመሻል? እማማስ ጉልበታቸው ተሻላቸው? ጠፋሽ ብለሽ ልትወቅሺኝ እንደተዘጋጀሽ አውቃለሁ። አንቺም ብትሆኚ ድምፅሽን አጥፍተሻል፤ ስለዚህ አንድ ለአንድ ነን።

እኔ ያው ኤድንብራ ነኝ። አሁን የምሠራው ለቲያትር ልብስ መስፋት ነው። የሚቀጥለው ቲያትር ላይ የ1600ዎቹን ገበሬዎች እናለብሳለን፤ ዘመኑን በፈረንጅ ነው የምቆጥርልሽ። አዘጋጁ «ቡናማ ጆንያ ነገር ይበቃቸዋል» አለን። ነገሩ ከነከነኝና መቆፈር ጀመርኩ።

ችግሩ ምን መሰለሽ? የንጉሥ ካባ ሣጥን ውስጥ ይቆያል። የገበሬ ልብስ ግን እስኪያልቅ ይለበሳል፣ ይጣፋል፣ ለልጅ ይቆረጣል። የተልባ እግር ጨርቅ ከሆነ ደግሞ ቡትቶው ለወረቀት ሠሪ ይሸጣል። ያኔ አውሮፓ ወረቀት የምትሠራው ከአሮጌ ጨርቅ ነበር። የዚያ ዘመን ሰዎች ቀሚስና ሸሚዛቸውን ለማን እንዳወረሱ የማነብበት የኑዛዜ ወረቀት ራሱ የማን ሸሚዝ እንደነበር ማን ያውቃል!

ሥዕል አለ እንዳትይኝ፣ የሚገዙት የከተማ ሀብታሞች ነበሩ። ቢሆንም ብሩገል የሚባለው ሠዓሊ የሣለውን «የገበሬ ሠርግ» እዪው። መሬት ተቀምጦ ሳህን የሚልሰው ልጅ የጣዎስ ላባ የተሰካበት ቀይ ቆብ አድርጓል። ማደር የሚባለው ተክል ሥሩ ቀይ ያወጣል፤ ድሃም ቀለም ያምረዋል፣ ያገኛልም። በነገራችን ላይ እንግሊዝ በ1571 ተራው ሕዝብ እሑድና በዓል የሱፍ ቆብ ካላደረገ ይቀጣ ብላ ነበር። ለቆብ ሠሪዎች ገበያ ስትል! ሕጉ በ1597 ተሻረ።

ከሁሉ ልቤን የወሰደው ግን እዚሁ ከተማ ሙዚየም ያለ አንድ ሰው ነው። ሰው ስልሽ፣ ልብሱ። በ1951 ሼትላንድ በሚባሉት የስኮትላንድ ደሴቶች ውስጥ ጉኒስተር በሚባል ቦታ ለማገዶ የሚሆን የረግረግ አፈር ሲቆፍሩ አገኙት። ገላው ከሞላ ጎደል ጠፍቷል። ሱፉ ግን አለ፦ ኮቱ፣ ሱሪው፣ ካልሲው፣ ጓንቱ፣ ቆቡ። በሹራብ ቦርሳው ውስጥ የኔዘርላንድስና የስዊድን ሳንቲሞች ነበሩ፤ ዘመኑ የ1600ዎቹ መጨረሻ መሆኑ የታወቀው በእነሱ ነው። ካልሲው እግሩ ላይ አልቆ ከሌላ ሹራብ ተቆርጦ ተጥፏል። እኔ ሙያዬ መርፌ ነውና ያንን ጥፍ ትቼ መሄድ አቃተኝ። የትኛውም ሥዕል እንደሱ አላሳመነኝም።

አዘጋጁ ለገበሬዎቹ ቀይ ቀሚስ እንድሰፋ ፈቅዷል። ልብሳቸው ላይ ጥፍ ስለማድረግ ገና እየተጨቃጨቅን ነው፤ «ከሩቅ አይታይም» ይላል። ተዋናዩ ግን ያየዋል አልኩት።

በይ አሁን ተራው ያንቺ ነው፣ ጻፊልኝ። እማማን ሳሚልኝ።

እህትሽ