ወሬውን ለእኛ ተዉት፣ ትእዛዙን አንሱልን

ግልጽ ደብዳቤ
ለኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

ክቡራን ኃላፊዎች፣

እንደምን ከረማችሁ? ይህን የምጽፍላችሁ ከደሴ ነው። የሰፈራችን ቅሬ ጸሐፊ ነኝ። እናንተ አዲስ አበባ ዕድር የምትሉትን እኛ ወሎዎች ቅሬ እንለዋለን። የእኛ ቅሬ የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ነው። ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክል ሰው ሃይማኖቱ አይጠየቅም። አስከሬን የሚሸከምም አይጠየቅም። ድሮ ለቅሶ የሚነገረው በጥሩምባ ነበር። አሁን ግማሹ በቴሌግራም ሆኗል። ከ400 በላይ አባላት ያሉት ግሩፕ አለን። አድሚኑ እኔ ነኝ።

ሥራው ቀላል ይመስለኝ ነበር። ለቅሶ መንገር፣ የወር መዋጮ ማስታወስ፣ ያልተመለሰ ወንበር መጠየቅ። ሚያዝያ 2014 ግን ሌላ ነገር አስተማረኝ።

ያን ሰሞን ታስታውሱታላችሁ። ፋሲካ በ16 ነበር። ረመዳንም እያለቀ ነበር። በ18 ጎንደር ላይ በአንድ የሃይማኖት አባት ቀብር ግጭት ተነሳ፣ ሰው ሞተ። ደሴ ከጦርነቱ ከወጣች አምስት ወር እንኳ አልሞላትም። የተዘረፈው ሱቅ ገና ባዶውን ነው። ሰው ጆሮውን አቁሞ ነው የሚያድረው።

በዚያ ሳምንት አንድ ቀን፣ አፍጥር ሊደርስ ሲል፣ አንድ የድምፅ መልእክት ግሩፓችን ውስጥ ገባ። እዚሁ ከተማችን ውስጥ አንድ የአምልኮ ቤት እየተቃጠለ ነው ይላል። የማን እንደሆነ አልጽፍም፤ ሁለቱም የእኛው ናቸው። የሚናገረው ሰው እያለቀሰ ነው። ከየት እንደመጣ አይታወቅም፣ ፎርዋርድ እየተደረገ ነው የደረሰን።

ደነገጥኩ። አጠፋሁት።

አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ስልኬ መጮህ ጀመረ። «ለምን አጠፋኸው? እውነት ስለሆነ ነው አይደል?» ማጥፋቴ ራሱ ማስረጃ ሆኖ ቁጭ አለ። ያልሰማው ሁሉ አሁን ሊሰማው ፈለገ። ከሌላ ግሩፕ አምጥተው መልሰው ለጠፉት። ጭራሽ «የነሱ ወገን ስለሆነ ነው የሚደብቀው» ተባልኩ። አሥራ ሁለት ዓመት ቅሬ ያገለገልኩ ሰው ነኝ። ያን ቀን እንደ ልጅ አለቀስኩ።

ያዳነን አንድ አዛውንት ናቸው። «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት ይባል የለ። ተነስ፣ ሄደን እንየው» አሉኝ። ሁለት ሙስሊም፣ ሁለት ክርስቲያን ሆነን በባጃጅ ሄድን። ቦታው ጸጥ ብሏል። ዘበኛው ጋቢውን ተከናንቦ በሩ ላይ ተቀምጧል። ጭስ እንኳ የለም። ከዘበኛው ጋር ፎቶ ተነሳን። እሱም በራሱ ድምፅ «ደህና ነን፣ ግቡና እዩ» ብሎ ተናገረ። ሁሉንም ግሩፑ ላይ ለጠፍነው። ያንን የሐሰት መልእክት ግን አላጠፋሁትም። እዚያው ተውኩት፣ መልሱን ከሥሩ አስቀመጥኩለት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ አንዱ «አልሐምዱሊላህ»፣ አንዱ «እግዚአብሔር ይመስገን» እያለ ነገሩ በረደ። ያ መልእክት በማግስቱ እንደገና ሲመጣ የመለስኩለት እኔ አይደለሁም። አባላቱ ናቸው።

ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ ሌላ መጣ። ይሄኛው ልቅሶ የለበትም። የአንድ ነጋዴ ስም፣ የሱቁ ቦታ፣ የቤቱ አቅጣጫ ተጽፏል። ከሥሩ «ማታ እንገናኝ» ይላል። ይህን በአንድ ደቂቃ ውስጥ አጠፋሁት። ከማጥፋቴ በፊት ስክሪንሾት አነሳሁ። ነጋዴውን ደወልኩለት፣ ሽማግሌዎቹን ጠራሁ። ክርክር የሚባል ነገር አላነሳሁም። አንድ ወጣት «ያኔ እንከራከር ብለህ ተውከው፣ ዛሬ ለምን ታጠፋለህ?» አለኝ። ጥያቄው ትክክል ነበር። አስቤ አላውቅም፣ ግን ከአፌ የወጣው ይሄ ነው፦ «ያኛው ወሬ ነበር። ይሄ ትእዛዝ ነው።»

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ይህች ልዩነት ናት።

አገራችን ስለዚህ ነገር ሲነጋገር ሁለት ጎራ ብቻ ነው የምሰማው። አንዱ ክፉ ንግግር ሁሉ ይጥፋ፣ ተናጋሪውም ይታሰር ይላል። ሌላው ሁሉም ይነገር፣ እውነቱ ያሸንፋል ይላል። እኔ ሁለቱንም በ400 ሰው ላይ ሞክሬዋለሁ። ወሬ ሲጠፋ ይፋፋማል፣ ሲመለስለት ይሞታል። ትእዛዝ ግን መልስ አይጠብቅም። እኛ ስንከራከር እሱ መንገድ ላይ ነው።

ሕገ መንግሥታችንም ሁለቱን አንድ ቦታ ላይ አስቀምጧቸዋል። አንቀጽ 29 ሳንሱርን ይከለክላል። ይኸው አንቀጽ ወረድ ብሎ የጦርነት ቅስቀሳ በሕግ እንደሚከለከል ይናገራል። አዋጅ ቁጥር 1185/2012ንም አንብቤዋለሁ። የጥላቻ ንግግር ያሰራጨ እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ቅጣት አለበት። በንግግሩ ምክንያት ጥቃት ከደረሰ እስራቱ እስከ 5 ዓመት ይሄዳል። ሐሰተኛ መረጃም ይቀጣል፤ ገጹ ከ5,000 በላይ ተከታይ ካለው ቅጣቱ ይከብዳል። የማኅበራዊ ሚዲያ ድርጅቶች ደግሞ ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሱ ያዛል።

24 ሰዓት! ደሴ ላይ ወሬ ከፒያሳ ሰኞ ገበያ ለመድረስ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅበት ላስረዳችሁ አልችልም። የሰው ስምና አድራሻ ተጽፎ «እንገናኝ» ለተባለበት መልእክት አንድ ቀን ማለት የቀብር ማግስት ነው።

ይህን ከመሬት አንስቼ አላወራም። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ጥቅምት 2014 ቤታቸው ደጃፍ ላይ ተገደሉ። ከዚያ በፊት ስማቸውና ፎቶአቸው ፌስቡክ ላይ ወጥቶ ነበር። ልጃቸው ሪፖርት አድርጓል። ኋላ ናይሮቢ ባለ ፍርድ ቤት የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ከሰሰ። መጋቢት 2017 የኬንያ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሎ ወሰነ። አባትየው ግን አይመለሱም። ግድያው ከመድረሱ በፊት፣ መስከረም 2014 ላይ፣ የቀድሞዋ የፌስቡክ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሆገን አሜሪካ ሴኔት ፊት ቀርባ ስለ ድርጅቱ ስትመሰክር ኢትዮጵያን በስም አንስታለች። ማለትም ሳይነገር ቀርቶ አይደለም።

ሜታ ያኔ በኢትዮጵያ አማርኛን፣ ኦሮምኛን፣ ሶማልኛንና ትግርኛን እንደሚከታተል ተናግሯል። አገሪቱ ያላት ከ80 በላይ ቋንቋ ነው። አማርኛውስ ቢሆን? አማርኛ እኮ ሰምና ወርቅ ያለው ቋንቋ ነው። ወሎ ላይ ደግሞ ባሰ፤ እኛ ሰላምታ እንኳ በግጥም የምናሳምር ሰዎች ነን። «አረሙን ንቀሉ» ማለት በክረምት የግብርና ምክር ነው። በክፉ ቀን ሌላ ነው። ማሽኑ ሰሙን ያነባል፣ ወርቁ ያመልጠዋል። እኔ ራሴ አንድ እንዲህ ያለ ቪዲዮ ለአንድ ትልቅ የማኅበራዊ ሚዲያ ድርጅት ሦስት ጊዜ ሪፖርት አድርጌ «ደንባችንን አይጥስም» የሚል መልስ መጥቶልኛል። በተቃራኒው አንዲት ጎረቤቴ ወንድሟ እንዴት እንደተገደለ የጻፈችው ልቅሶ ተነስቶባታል። «ግድያ» የሚል ቃል ስላለው ይሆናል። ለቅሶዋን አነሱት፣ ዛቻውን ተዉት። ይህች ሴት ምን ብላ ትመን?

ስለዚህ ከእናንተ የምፈልገው ብዙ እንዲጠፋ አይደለም። ትክክለኛው እንዲጠፋ ነው። አዋጁ በቀድሞ ስማችሁ፣ ለብሮድካስት ባለሥልጣን፣ ድርጅቶቹ ግዴታቸውን መወጣታቸውን የሚያሳይ ሪፖርት ለሕዝብ የማውጣት ኃላፊነት ሰጥቷችኋል። ሪፖርቱን እኔ ቅሬ ላይ ላነበው በምችለው መልክ አውጡት። በየቋንቋው ስንት ጥቆማ ላካችሁ? ስንቱ ተነሳ? በስንት ሰዓት? ምን ዓይነቱ? ከዚህ ውስጥ ስንቱ የግድያ ጥሪ፣ ስንቱ የመንግሥት ትችት ነበር? የመጨረሻው ጥያቄ እንዳይከፋችሁ። እናንተም መልሱን ብታሳዩን እምነታችን ይጨምራል፣ ድርጅቶቹም የሚያፍሩበት ያገኛሉ።

አሁን ወደሚያሳዝነኝ ልምጣ። ኢንተርኔት መዝጋት።

የካቲት 2015 በቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ውጥረት ሲነሳ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ታገዱ። አምስት ወር ያህል ቆየ። በዚያው ዓመት ክረምት ደግሞ አማራ ክልል ላይ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለብዙ ወራት። ይህ የእናንተ መሥሪያ ቤት ውሳኔ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን እናንተ ብትናገሩ ይሰማል።

የካቲት ላይ የሆነው ይኸውላችሁ። ለማናከስ የፈለገው ሰው እገዳውን የሚያልፍበት ቪፒኤን ነበረው። ወጣቱ ሁሉ በአንድ ቀን ጫነው። ያልነበራቸው የቅሬያችን እናቶች ናቸው። ዘበኛው ነው። እነዚያ አዛውንት ናቸው። የሚያረጋጋው ሰው ሁሉ ከግሩፑ ወጣ። በክረምቱ ደግሞ ጭራሹን ድርግም ሲል ወሬው ቆመ ወይ? ኧረ የት ይቆማል! በስልክ፣ በታክሲ፣ በገበያ ሄደ። ሄዶ አይቶ ፎቶ የሚለጥፍ ሰው ግን ቀረ። ሰው ሳይሞት ጥሩምባ የሚነፋ ቢመጣ የእኛ ቅሬ ሰውየውን ይቀጣል። ጥሩምባውን አይሰብርም፣ ነገ ሰው ይሞታላ።

ወሎ ዝምታ ምን እንደሚያስከፍል ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልገውም። በ1965 እና 66 ረሃቡ ሲመጣ ስለ ረሃቡ አልተነገረም። እናቴ ያኔ ልጅ ነበረች። ሰው ከወልድያ በኩል በእግሩ እየመጣ መንገድ ዳር ሲወድቅ አይታለች። ሬዲዮው ስለ ሌላ ነገር ያወራ ነበር ትላለች። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ፎቶ አንስተው ለተማሪ ማሳየት ነበረባቸው። ዓለም የሰማው ጥቅምት 1966 ላይ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ነው። ያኔ አንድ ሰው «ወሎ እየተራበ ነው» ብሎ ቢጮህ ሕዝብን የሚያሸብር ሐሰተኛ ወሬ ነው ይባል ነበር። ይህን ስል እጄ ይንቀጠቀጣል። እውነትም መጀመሪያ ስትመጣ ወሬ መስላ ነው የምትመጣው። ስለዚህ «እውነት ነው ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው በአዋጁ መፍራት የለበትም። አሁን ይፈራል። ግሩፓችን ውስጥ ሰዎች ጥያቄ ጽፈው ያጠፋሉ፣ አያለሁ።

ስለ ታሪክ፣ ስለ ባንዲራ፣ ስለ ወሰን፣ ማን ማንን በደለ ስለሚለው የሚጻፈው አብዛኛው መራራ ነው። አንዳንዱ ያማል። እሱን ለእኛ ተዉልን። እኛ አበጋር የሚባሉ አስታራቂ ሽማግሌዎች አሉን። ደም የተቃባን ሲያስታርቁ መጀመሪያ በቀል እንዳይኖር ሁለቱን ወገን ቃል ያስገባሉ። ያ ከተያዘ በኋላ ሁሉም የሆዱን ያወጣል። ስድብ አለ፣ ልቅሶ አለ፣ ውሸትም አለ። አያስቆሙትም። ያዳምጣሉ፣ ይመልሳሉ፣ ቡና ይጠጣል፣ ዱዓ ይደረጋል። የሆዱን ያላወጣ ሰው ታረቀ አይባልም።

ለመመለስ ግን እውነቱን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። ያን ዕለት ባጃጅ ባናገኝስ? በየከተማው ሰው ደውሎ «ይህ እውነት ነው?» የሚልበት ቁጥር ይኑር። የሚያነሳው ሰው የአካባቢው ይሁን። መልሱ መንግሥትን የሚያሳፍር ቢሆንም ይናገር። አንዴ «ሰላም ነው» ብሎ ሰላም ካልሆነ፣ በሚቀጥለው ማንም አይደውልም። ይህ ከክስና ከእስር በጣም ይረክሳል፣ ከአንድ የተቃጠለ ቤትም።

ቅሬያችን በወር አንዴ ይሰበሰባል። አንድ ባለሙያ ላኩልን። ያጠፋኋቸውን መልእክቶች ስክሪንሾት አስቀምጫለሁ፣ ያላጠፋኋቸውንም። ቁጭ ብለን አንድ በአንድ እናያቸዋለን። የትኛው ወሬ፣ የትኛው ትእዛዝ እንደሆነ እነዚያ አዛውንት ከማንኛችንም በተሻለ ይነግሩታል። የጾም ወቅት ከሆነም አብሽሩ፣ ለእንግዳ የሚሆን አይጠፋም።

ከአክብሮት ጋር፣
የአንድ ቅሬ ጸሐፊ
ደሴ፣ ወሎ