አንዱ ጋ ባይሆንላችሁ ሌላ ጋ ሂዱ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ጭንቀትና ድብርት ስትጽፉ መጨረሻው ሁሌ «ባለሙያ አማክሩ» ነው። ልክ ናችሁ። ግን ባለሙያ ሁሉ አንድ አይደለም፤ ይህን ማንም ስለማይነግረው ስንቱ ሰው አንዴ ሄዶ በዚያው ቀርቷል። እኔም ለጥቂት ነው የተረፍኩት።

እናቴን ከቀበርኩ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እነቃለሁ፣ ከዚያ ጣሪያ ጣሪያውን ሳይ ይነጋል። ምግብ አይወርድልኝም። ጨጓራ ነው ብዬ ስታከም ከረምኩ፤ እኛ አገር ድብርት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ጨጓራ ወይም ራስ ምታት ተብሎ ነው። ጸበልም ሄድኩ፣ ልቤ አረፍ ብሎልኝ ነበር፣ እንቅልፉ ግን አልመለስ አለ።

የመጀመሪያው አማካሪ ጋ የገባሁ ቀን ስልኩ ሁለቴ ጠራ፣ ሁለቴም አነሳው። ስለ መኪናው ጎማ ሲያወራ እኔ እንባዬን በነጠላዬ ጫፍ እየጠረግኩ ጠበቅኩት። ሲጨርስ «የት ደርሰን ነበር?» አለኝ። ከዚያ «እናቱ ያልሞተችበት ማን አለ፣ ጠንከር በይ» ብሎ ሸኘኝ። ይሄንንማ ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ ብሎኛል! ከዚያ በኋላ ስምንት ወር ማንም ጋ አልሄድኩም።

ሁለተኛዋ ስላለፉት 2 ሳምንታት 9 ጥያቄ ያለበት ወረቀት ይዛ ጠየቀችኝ። የመጨረሻው ሞትን ስለመመኘት ነው። ዓይኔን እያየች፣ ሳትቸኩል ጠየቀችኝ፣ ከዚያ ዝም ብላ ጠበቀችኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። መድኃኒት የሚያዝልኝ ሐኪም ጋም የላከችኝ እሷ ናት፤ ለውጡ በሳምንታት እንጂ በቀናት እንደማይመጣ ቀድማ ባትነግረኝ ኖሮ በሳምንቱ አቆመው ነበር።

ታናሽ እህቴ ሲከፋት እሷው ጋ ላክኳት። አልተግባቡም። «ዝም ብላ ታየኛለች፣ ዝምታዋ አስጨነቀኝ» አለችኝ። እኔን ያሳረፈኝ ዝምታ እሷን ከበዳት። አሁን በየሳምንቱ የቤት ሥራ እየሰጠ የሚከታተላት ሰው አግኝታ ደህና ናት።

ባለሙያዎችን የምለምነው አንድ ነገር ነው። በመጀመሪያው ቀን «ካልተመቸሁሽ ንገሪኝ፣ ሌላ ሰው እጠቁምሻለሁ» በሉን። እኛ ከፍለን እንኳ «አልተመቸኸኝም» ማለት ነውር ይመስለናል፣ ስለዚህ ዝም ብለን እንቀራለን። እናንተም «ባለሙያ አማክሩ» ስትሉ ባለሙያ መቀየር እንደሚቻል አብራችሁ ጻፉልን።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ