ስለ ጅቡቲው የባሕር ጉዞ፦ «ዶልፊን እናሳያለን» ብለን ለምን አንፈርምም?

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

የጅቡቲው የባሕር ጉዞ ምዝገባ ከተከፈተ ወዲህ ቢሮ የሚመጣውም የሚደውለውም የሚጠይቀን አንድ ነገር ነው። «ዶልፊን ካላየን ብራችን ይመለሳል ወይ?» አይመለስም። ውሉ ላይም ተጽፏል። ግን ውል እያሳዩ ሰውን ዝም ማሰኘት ደስ አይልም። ምክንያቱን ብንነግራችሁ ይሻላል።

ጓሳ ሄዳችሁ ጭላዳ ያያችሁ ሰዎች ነገሩን በዚያው ልክ ያሰባችሁት ይመስለናል። ጭላዳ ማታ ገደሉ ላይ ያድራል፣ ጠዋት ሜዳው ላይ ይወጣል፣ ሣሩን ሲነጭ ይውላል። ቦታውን የሚያውቅ ሰው አያጣውም። ዶልፊን ግን ዓሣ ተከትሎ ይዞራል፤ ዓሣው ደግሞ አድራሻ የለውም።

ታዲያ ጀልባ ነጂዎቹ እንዴት ያገኙታል? ብዙ ጊዜ ወፍ አይተው ነው። ተርን የሚባሉ ክንፋቸው ሹል የሆነ ነጫጭ ወፎች አሉ። እነሱ አንድ ቦታ ተሰብስበው ቁልቁል ውኃው ውስጥ ሲወረወሩ ካያችሁ፣ ከታች የሆነ ነገር ትናንሽ ዓሦችን ወደ ላይ እያባረረ ነው። አባራሪው ቱና ሊሆን ይችላል፤ ዶልፊንም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «እኛ ወፍ ለማየት አይደለም የምንሄደው» ያላችሁን፣ እባካችሁ ዓይናችሁን ከሰማዩ አትንቀሉ።

እውነቱን ለመናገር ለእኛ ወፎቹን ማየት ብቻውን ለጉዞው ይበቃል። በዓይኑ ዙሪያ ነጭ ቀለበት ያለው፣ ጋል የሚባለው የባሕር ወፍ የሚራባው በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ አካባቢ ብቻ ነው። ሆዱ ነጭ፣ ጀርባው ቡናማ የሆነው ቡቢም አለ፤ ክንፉን ሰብስቦ ባሕር ውስጥ ሲወረወር አፍ ያስከፍታል። ባይኖኩላር ያለው ሰው ይያዝ። የሌለው ከእኛ ይዋሳል፣ ግን በተራ ነው።

ዶልፊን ስናገኝ ደግሞ አናሳድድም። ይህንንም ቀድማችሁ እወቁት፤ በኋላ «ጠጋ በል» እያላችሁ ነጂውን አታስጨንቁት። አንዳንድ የዶልፊን ዓይነቶች ሌሊት ሲያድኑ አድረው ቀን ያርፋሉ። ጀልባ መሐላቸው ከገባ ዕረፍታቸው ይበላሻል፣ ጥለውም ይሄዳሉ። ሞተሩ ቀዝቀዝ ብሎ በጎን ሲሄድ ግን ብዙ ጊዜ ራሳቸው ይመጣሉ፤ ከጀልባው አፍንጫ ፊት እየተሽቀዳደሙ ይዋኛሉ። የባሕር ሣር የሚግጠውን ዱጎንግ ማየት ግን ትልቅ ዕድል ይጠይቃል። እሱን እንኳን ቃል ልንገባ፣ ባናነሳውም ይሻል ነበር።

ዌል ሻርክን ከዶልፊን ጋር የምትቀላቅሉ አላችሁ። ዌል ሻርክ ዓሣ ነው፤ በስንጥቡ ይተነፍሳል፣ ጅራቱንም ግራና ቀኝ ያወዛውዛል። ዶልፊን አጥቢ እንስሳ ነው፤ አየር ለመሳብ ይወጣል፣ ጅራቱ የሚመታው ወደ ላይና ወደ ታች ነው። በታጁራ ባሕረ ሰላጤ፣ አርታ አካባቢ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ወጣት ዌል ሻርኮች ወደ ዳር ይጠጋሉ። የሚመጡት ፕላንክተን ለመብላት ስለሆነ ሰው አይነኩም። እኛም አንነካቸውም።

ጉዞውን በእነዚህ ወራት ያደረግነው ለዚህ ነው። በክረምት የጅቡቲ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ አቧራ ያዘለ ንፋስም አለ፤ የደጋ ሰው አይችለውም። ወሩ ከጾመ ነቢያት ጋር መግጠሙን እናውቃለን። ሽሮና በርበሬ ከዚሁ ይዘን እንወርዳለን። የጀልባ ላይ ምሳም የጾም ነው።

ጀልባው ማልዶ የሚነሳው ከቀትር በኋላ ብዙ ጊዜ ንፋሱ ስለሚበረታ ነው። ባሕር ወጥቶ የማያውቅ ሰው ማጥወልወል ሊይዘው ይችላል። ባዶ ሆድም ጥጋብም አይሆንም። ትንሽ ዳቦ ብሉ፣ ዓይናችሁን ከስልክ አንስታችሁ አድማሱ ላይ አድርጉ። የማጥወልወል መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪም ወይም ፋርማሲ ጠይቆ፣ ከመሳፈሩ በፊት ይዋጠው። ላይፍ ጃኬት ላይ ድርድር የለም።

ታጁራ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለችም። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ቅፍለቱ ከዚያ ተነስቶ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ አንኮበር ሥር አልዩ አምባ ገበያ ይደርስ ነበር። ወፎቹም መንገዱን ያውቁታል። ንስርን የመሳሰሉት አዳኝ አሞሮች ባሕር ላይ ወደ ላይ የሚያነሳቸው ሞቃት አየር ስለማያገኙ፣ ከየመን የሚሻገሩት በጠባቡ የባሕር መተላለፊያ፣ በባብ ኤል መንደብ በኩል ነው። በ1987 እ.ኤ.አ. በአንድ የመኸር ወቅት ብቻ ከ240 ሺህ በላይ ሲሻገሩ ተቆጥረዋል። በበጋ ጣርማ በር ገደል ላይ ከምታዩዋቸው ንስሮች አንዳንዶቹ ያንን ባሕር አቋርጠው የመጡ ናቸው።

ይህን አንብቦ ሐሳቡን የሚቀይር ሰው ቢኖር ቅር አይለንም። ቀብድ ሳይከፍል ይንገረን፤ ቦታውን ለሌላ እንሰጣለን። የምትቀጥሉ ደግሞ ፓስፖርታችሁ ቀኑ አለማለፉን አሁኑኑ እዩ። ለጀልባው የጠዋት ንፋስ ስስ ጃኬት ይበቃል። ጋቢና በርኖስ ደብረ ብርሃን ይቅር።

ከአክብሮት ጋር፣
የጉዞ ቢሮው ባልደረቦች
ደብረ ብርሃን