ሳልመልስልህ የቀረሁት መልእክት

ቨርጂኒያ፣ ሐምሌ 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርህና ለምወድህ ወዳጄ፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ይህችን «ደህና ነኝ» የምትል ቃል ለዓመታት በሐሰት ስናገራት ስለኖርኩ፣ ዛሬ እውነት ሆና ስጽፋት እጄ ትንሽ ዘገየ።

በየካቲት 2013 የላክልኝ መልእክት አሁንም ስልኬ ውስጥ አለ። «እማዬ ሕመሙ በርትቶባታል፤ ሆስፒታሉ ሞርፊን አልቋል ይለናል፤ አንተ ጋ የሚገኝ ነገር ይኖር ይሆን?» ብለህ ነበር። መልእክትህን ያነበብኩት መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ፣ ኦክሲኮዶን የተባለውን፣ የሞርፊን ወገን የሆነ የሕመም ማስታገሻ የያዘችውን ብርቱካናማ ብልቃጥ ጭኔ ላይ ገልብጬ፣ እስከ ቀጣዩ ቀጠሮ ይበቃኝ እንደሆነ ክኒኖቹን እየቆጠርኩ ሳለሁ ነው። እንዲህ ያለ ቁጥጥር የሚደረግበትን መድኃኒት በመንገደኛ ሻንጣ መላክ ወንጀል መሆኑን ጽፌልህ ቢሆን ኖሮ ይገባህ ነበር። እኔ ግን ዝም ያልኩህ በሕጉ ምክንያት አይደለም። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ «ብልክለት ለእኔ ይጎድለኛል» የሚል ስለነበር፣ ከዚያ ሐሳብ በኋላ ምን ብዬ እንደምጽፍልህ ጠፋኝ። እማማ ሲያርፉም ለቅሶ ሳልደርስህ፣ በስልክ እንኳ «እግዚአብሔር ያጽናህ» ሳልልህ ቀረሁ።

ነገሩ የጀመረው በ2010 ዓ.ም. ነው። አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ሻንጣ ስጭን የወገቤ ዲስክ ተንሸራተተ፤ ኦፕሬሽን ተደረግሁ፤ ለ10 ቀን የሚሆን የሕመም ማስታገሻም ታዘዘልኝ። የ10 ቀኑ ትእዛዝ እየታደሰ ሦስት ዓመት ተኩል ዘለቀ። በመጀመሪያ የምውጠው ለወገቤ ነበር፤ በኋላ ግን ካልዋጥሁ ስለምታመም ሆነ፤ የትኛው ቀን ላይ ከአንዱ ወደ ሌላው እንደተሻገርኩ ልነግርህ አልችልም። ሰውነት መድኃኒቱን ሲለምደው ያው መጠን አይበቃውም፤ ይባስ ብሎም ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ሕመም የሚሰማበትን ስሜት ራሱን ሊያባብሰው ይችላል። ስለዚህ «ወገቤ ባሰብኝ» እያልኩ ስጨምር፣ ያባሰብኝ የጨመርኩት መድኃኒት ሊሆን እንደሚችል አልጠረጠርኩም።

በዚያው በ2013 ክረምት ሐኪሜ በአንድ ቀጠሮ ላይ «ከእንግዲህ አላዝልህም» ብሎ ቆረጠው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለው ድንገተኛ ማቋረጥ ለከባድ ሕመም፣ ራስን እስከ ማጥፋትም እንደሚያደርስ እ.ኤ.አ. በ2019 አስጠንቅቆ ነበር፤ መጠኑ ቀስ በቀስ ሊቀነስልኝ ይገባ ነበር። ጥፋቱን ሁሉ በሐኪሙ ላይ መጫን አልፈልግም፤ ከመንገድ ወደ መግዛት የሄድኩት በገዛ እግሬ ነው። የምገዛቸው ሰማያዊ ክኒኖች ከፋርማሲው የሚለዩ አይመስሉም ነበር፤ ነገር ግን በዚህ አገር ፈንታኒል የተባለው፣ ከሞርፊን እጅግ የበረታ መድኃኒት ከተገኘባቸው የሐሰት ክኒኖች ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2023 በላቦራቶሪ ሲመረመሩ፣ ከ10ሩ 7ቱ ሰው ሊገድል የሚችል መጠን ይዘው ተገኝተዋል።

በጥቅምት 2015 ዲቶክስ የሚባለውን፣ መድኃኒቱን ከሰውነት የማስወጣት ሕክምና ለመጀመሪያ ጊዜ ሞከርኩ። ከመጨረሻዋ ክኒን በኋላ 10 ሰዓት ሳይሞላ ያዛጋኝ ጀመር፤ አፍንጫዬ እንደ ጉንፋን ፈሰሰ፤ ቆዳዬም ለፋሲካ እንደተነጨ ዶሮ ሆነ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀን ከሁሉም የከፉ ነበሩ፤ ሆዴ ይቆርጠኛል፣ ላብ ያጠምቀኛል፣ እግሮቼ ያለ ፈቃዴ ሌሊቱን ሙሉ ይራገጣሉ። አንዲት ነርስ 11 ጥያቄ ያለበት ወረቀት ይዛ እየተመላለሰች የልብ ምቴን ትለካለች፣ ብሌኔን ታያለች፣ እጆቼን ዘርግቼ መንቀጥቀጣቸውን ትመለከታለች። ማዛጋቴን ስትቆጥር አይቼ በዚያ ሁሉ ሥቃይ መካከል ሳቄ መጣ።

በሳምንቱ «ጸድተሃል» ተብዬ ወጣሁ፤ እኔም ነገሩ ያለቀ መሰለኝ። ከ3 ሳምንት በኋላ ወገቤ ያዘኝና እንደ ድሮው መጠን ዋጥሁ። ሰውነቴ ግን መልመዱን ረስቶ ነበር። ባለቤቴ መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ከንፈሬ ጠቁሮ አገኘችኝ፤ አምቡላንስ መጥቶ ናሎክሶን የተባለውን የእነዚህን ክኒኖች ማርከሻ በአፍንጫዬ ባይረጩልኝ ኖሮ ይህን ደብዳቤ የሚጽፍልህ አይኖርም ነበር። ያለ ሌላ ሕክምና በዲቶክስ ብቻ ወጥቶ መሄድ ከሱሱ ዘመን የባሰ አደጋ እንዳለው ያወቅሁት ያን ዕለት ነው።

በመጋቢት 2015 እንደገና ስጀምር ነገሩ ተለወጠ። ቡፕሬኖርፊን የተባለውን መድኃኒት የሚያዝ ሐኪም ልዩ ፈቃድ እንዲያወጣ የሚያስገድደው ደንብ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ስለተነሣ፣ የቤተሰባችን ሐኪም ራሷ ልታዝልኝ ቻለች። መድኃኒቱ በአንጎል ውስጥ ያንኑ የክኒኖቹን ቦታ ይይዛል፤ ነገር ግን ኃይሉ ጣሪያ ስላለው ሕመሙንና ምኞቱን ያስታግሳል እንጂ እንደ እነርሱ አያሰክርም። ሌላው መድኃኒት ከሰውነት ሳይወጣ ተቻኩለው ከወሰዱት ግን ራሱ ያንኑ የማቋረጥ ሕመም ስለሚቀሰቅስ፣ መታመም እስክጀምር አስጠበቀችኝ። አሁን በየማለዳው አንዲት ስስ ወረቀት የመሰለች ነገር ከምላሴ ሥር አስቀምጬ እስክትሟሟ ሳልናገር እቆያለሁ፤ ጣዕሟ መራራ ነው፤ ከሟሟች በኋላም ጥርሴን እንዳትጎዳ አፌን በውኃ እጉመጠመጣለሁ። በሳምንት አንድ ቀን ከሌሎች ታካሚዎች ጋር የምክር አገልግሎት አለኝ፤ ለወገቤ ደግሞ እዋኛለሁ።

የባለቤቴ ወንድም «አንዱን ሱስ በሌላ ለወጥክ እንጂ መቼ ተውክ» ይለኛል። የስኳር በሽተኛን ኢንሱሊኑን ተው አይለውም፤ ለእኔ ሲሆን ግን ወኔ አነሰህ ነው ነገሩ። የንስሐ አባቴ ይልቅ «ለዚህ ለዚህማ ጠበሉም መድኃኒቱም አይጣሉም» ብለው፣ በምቆርብበት ቀን መድኃኒቱን ከቅዳሴ በኋላ ስለመውሰድ ሐኪሜን እንድጠይቅ መከሩኝ። ጠየቅኋት፤ ጥቂት ሰዓት ቢዘገይ ችግር የለውም አለችኝ። ይኸው 16 ወር ሆነኝ፤ ናሎክሶኑም አሁን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ስለሚሸጥ ባለቤቴ በማእድ ቤቱ መሳቢያ አስቀምጣዋለች፤ ስታጸዳ እንኳ አታነሣውም።

ቅዳሜ ማታ በእናንተ 2 ሰዓት ላይ እደውልልሃለሁ። ባታነሣው አልቀየምህም፤ በሚቀጥለውም ቅዳሜ እደውላለሁ። ካነሣኸው ግን ከእኔ ወሬ በፊት የእማማን የመጨረሻ ሌሊቶች ንገረኝ፤ ሞርፊኑ በስተመጨረሻ ተገኝቶላቸው እንደሆነ እንኳ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ወንድምህ