ፍሌክስ ፊውል መኪና በብርድ ሲያንገራግር አስቀድሞ የሚመረመረው ነዳጁ ነው

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ የመኪና ምክር ዓምድ ላይ አንድ የሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ ነዋሪ፣ ፍሌክስ ፊውል የሆነው (በቤንዚንም፣ ኢታኖል ከተባለው አልኮል ጋር በተደባለቀ ቤንዚንም የሚሠራው) ሚኒቫናቸው ብርድ ከገባ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ለመነሳት እንደሚያንገራግር፣ ከተነሳም በኋላ እየተንቀጠቀጠ ሚኒሞው (መኪናው ቆሞ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) አልረጋ እንደሚል ገልጸው ላቀረቡት ጥያቄ የተሰጠውን መልስ አንብቤዋለሁ። ዓምደኛው ካንዴላ እንዲቀየር፣ ነዳጅ የሚረጨው ኢንጄክተር እንዲታጠብ፣ በዚህ ካልተስተካከለ ደግሞ የነዳጅ ፓምፑ እንዲለወጥ መክረዋል። እነዚህ ዕቃዎች አይበላሹም ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን በመልሱ ውስጥ ታንኩ ውስጥ ያለው ነዳጅ ምን እንደሆነና መቼ እንደተቀዳ የሚጠይቅ አንድ ቃል እንኳ አላገኘሁም። እዚህ ሚኒያፖሊስ በመካኒክነት ስሠራ ብርድ በገባ ቁጥር ይኸው ስሞታ ይመጣልኛል፤ ከሚመጡት ወገኖቻችን መካከልም፣ በተለይም ታክሲ ከሚነዱት፣ ሌላ ጋራዥ ውስጥ ምንም ያልሆነ ፓምፕ ተቀይሮላቸው ብዙ መቶ ዶላር ከከፈሉ በኋላ መኪናቸው እንደቀድሞው ሲያስቸግራቸው ያየኋቸው ጥቂት አይደሉም።

ለመሆኑ መኪናቸው ፍሌክስ ፊውል መሆኑን የማያውቁ ባለንብረቶችም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው የአሜሪካ የአማራጭ ነዳጆች ሕግ እንዲህ ያሉ መኪኖችን ለሚሠሩ ፋብሪካዎች በነዳጅ ቁጠባ ስሌት ላይ ማበረታቻ ይሰጥ ስለነበር፣ ዶጅ ግራንድ ካራቫን፣ ሼቭሮሌት ኢምፓላ፣ ፎርድ ቶረስና የመሳሰሉት ገዢው ሳይጠይቅ ጭምር በብዛት ፍሌክስ ሆነው ተሠርተዋል። የነዳጅ ክዳኑ ወይም የመቅጃው አፍ ዙሪያ ቢጫ ከሆነ መኪናው ኢ-85ም (አብዛኛው ኢታኖል፣ የቀረው ቤንዚን የሆነ ነዳጅ) ቤንዚንም፣ የሁለቱንም ድብልቅ ይቀበላል ማለት ነው።

የችግሩ ሥር ያለው በራሱ በኢታኖል ጠባይ ላይ ነው። ሞተር የሚነሳው በተነነ ነዳጅ እንጂ በፈሳሽ አይደለም፤ ንጹሕ ኢታኖል ግን ከ13 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በታች ለመቀጣጠል የሚበቃ ተን አይሰጥም፤ ለመትነን የሚፈልገውም ሙቀት ከቤንዚን ከእጥፍ በላይ ነው። በዚያ ላይ ቤንዚን በክብደት ለአንድ እጁ 14.7 እጅ አየር ሲፈልግ ኢታኖል 9 እጅ ብቻ ስለሚበቃው፣ ለዚያው አየር ብዙ ተጨማሪ ነዳጅ መረጨት አለበት። እርጥብ ግንድ በጭራሮ እንደሚያያዝ ሁሉ፣ በብርድ ጠዋት ኢ-85ን የሚያስነሳው በውስጡ ያለው የቤንዚኑ ቀላልና ቶሎ የሚተን ክፍል ነው። ስለዚህም ነው በማደያው ላይ 85 ተብሎ ቢለጠፍም የነዳጁ የጥራት ደረጃ የኢታኖሉ መጠን ከ51 እስከ 83 በመቶ እንዲሆን የሚፈቅደውና በብርድ ወራት ቤንዚኑ እንዲበዛ የሚደረገው። እንግዲህ አንድ ሰው አየሩ ገና ሞቅ ባለበት ወቅት ታንኩን ሞልቶ መኪናውን እምብዛም ሳይነዳ ቢያቆየው፣ የመጀመሪያው ጽኑ ውርጭ ሲመጣ ታንኩ ውስጥ የሚያገኘው ለሙቀት የተዘጋጀውን ድብልቅ ነው፤ ካንዴላ ቢቀየር ይህንን አይለውጠውም።

ሁለተኛው ጉዳይ፣ በእኔ አስተያየት ከሁሉም በላይ የሚዘነጋው፣ መኪናው የተቀዳለትን ነዳጅ ማወቁ ነው። በአንዳንድ መኪኖች ላይ የነዳጁ መስመር ውስጥ የኢታኖሉን መጠን የሚለካ ሴንሰር አለ፤ ይህ ሴንሰር ኢታኖል ለሌለበት ነዳጅ 50 ኸርዝ፣ ለንጹሕ ኢታኖል 150 ኸርዝ ምልክት ይልካል። ሌሎች ብዙ መኪኖች ግን ይህ ሴንሰር የላቸውም፤ ኮምፒውተሩ ነዳጅ እንደተጨመረ ከታንኩ ጌጅ ይረዳና ከዚያ በኋላ በሚነዳበት ጊዜ ከጭስ ማውጫው የኦክስጅን ሴንሰር ንባብ ተነስቶ የድብልቁን መጠን ይገምታል። ይህን ለመማር መኪናው ጥቂት መንገድ መነዳት አለበት፤ የፋብሪካዎቹ መመሪያ መጻሕፍት የነዳጅ ዓይነት ከተለወጠ በኋላ ከአምስት እስከ ሰባት ማይል ያህል ሳያጠፉ እንዲነዱ፣ በትንሽ በትንሹም እንዳይቀዱ የሚያሳስቡት በዚሁ ምክንያት ነው። የታክሲ ነጂዎቻችን ልማድ ግን ከዚህ ተቃራኒ ነው፤ ብርዱን በመፍራት ሞተሩን ሳያጠፉ ሁለት ጋሎን ይጨምራሉ (ይህ ለእሳት አደጋም የሚያጋልጥ መሆኑን ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም)፣ ወይም ማታ ሲመለሱ ቤታቸው አጠገብ ካለው ማደያ ኢ-85 ሞልተው ወዲያው ያቆሙታል። ጠዋት ኮምፒውተሩ ቤንዚን ያለ መስሎት የቤንዚን ልክ ይረጫል፤ ሞተሩም ነዳጅ አንሶት ይንገታገታል።

ስለሆነም ምርመራው የሚጀመረው ኮፈኑን ከመክፈት በፊት በመጠየቅና በማዳመጥ ነው። ቁልፉ ሲዞር ሞተሪኖው ሞተሩን እየከበደው በዝግታ የሚያዞር ከሆነ ነገሩ ከነዳጁ በፊት የባትሪው ነው፤ ባትሪ በ0 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም ከዜሮ በታች በ18 ሴልሺየስ፣ ከኃይሉ እስከ ግማሽና ከዚያም በላይ ሊያጣ ይችላል። ሞተሪኖው በደንብ እያዞረ ሞተሩ አልያዝ ካለ ግን ወደ ነዳጁ እንመጣለን። መኪናው ሌሊቱን ሙሉ ውጭ ካደረ በኋላ፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ቁልፉ ብቻ ተከፍቶ ስካነር (የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ መሣሪያ) ይሰካና የራዲያተሩ ውሃ ሴንሰርና የሚገባው አየር ሴንሰር የሚያሳዩት ሙቀት ይነጻጸራል። ሁለቱ ከውጭው አየር ጋር ተቀራራቢ መሆን አለባቸው። የአየሩ ሴንሰር ከዜሮ በታች 15 እያሳየ የውሃው ከዜሮ በላይ 20 ዲግሪ ካለ፣ ኮምፒውተሩ ሞተሩ የሞቀ መስሎት ነዳጅ እየቀነሰ ነው ማለት ነው፤ ኢ-85 ባለበት ታንክ ይህ ስሕተት ከቤንዚን ይልቅ ጎልቶ ይታያል። ይህ ሴንሰር ደግሞ ከፓምፕ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

በዚያው ስካነር ኮምፒውተሩ ኢታኖሉን ስንት በመቶ ብሎ እንደያዘው ይነበባል። እውነተኛውን ለማወቅ ቁጥር የተጻፈበት ቀጭን መለኪያ ብርጭቆ ይበቃል፤ እሳት በሌለበት ደጅ ላይ 50 ሚሊ ሊትር ውሃና 50 ሚሊ ሊትር ነዳጅ ጨምሮ አፉን ዘግቶ መነቅነቅና እስኪረጋ መጠበቅ ነው። ኢታኖሉ ቤንዚኑን ትቶ ከውሃው ጋር ስለሚወርድ የታችኛው ንብርብር ከፍ ይላል፤ 85 ላይ ቢደርስ 35 ሚሊ ሊትር ኢታኖል አለ፣ ማለትም ነዳጁ በግምት 70 በመቶ ኢታኖል ነው። ስካነሩ 10 በመቶ እያለ ብርጭቆው 70 ካሳየ ጥፋቱ የተገኘ ያህል ነው።

ፓምፑን ለመጠርጠርም ሳይፈታ የሚደረግ ፈተና አለ። ቁልፉን ከፍቶ ፓምፑ እስኪጮህና ዝም እስኪል ጠብቆ መዝጋት፣ ይህንንም ሁለት ሦስት ጊዜ ደግሞ ከዚያ ማስነሳት ነው። ሞተሩ በዚህ ጊዜ ቶሎ ከተነሳ ግፊቱ ሌሊት እየወረደ እንደሚያድር ያመለክታል፤ ያን ጊዜ የዓምደኛው ምክር ቦታ ያገኛል፤ ያም ቢሆን ግፊቱ በመለኪያ ከተረጋገጠ በኋላ ነው።

በብርድ ጊዜ ነዳጅ መስመር እንዳይቀዘቅዝ ተብሎ የሚሸጠውን ጠርሙስ ኢ-85 ውስጥ መጨመር ትርፉ ወጪ ነው፤ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ራሱ አልኮል ነውና። በኤሌክትሪክ የሚሰካው የሞተር ማሞቂያ ግን በሚኒሶታ ብርድ በእርግጥ ይጠቅማል። የብራዚል ፍሌክስ መኪኖችም ለብዙ ዓመታት ለማስነሻ ብቻ የሚሆን ትንሽ የቤንዚን ታንክ ኮፈናቸው ውስጥ ይይዙ እንደነበር ላስታውስ፤ እዚያ እንኳ ብርዱ ከእኛ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ጥያቄውን ላቀረቡት አንባቢ የምለው፣ ታንካቸው ሲጋመስ መደበኛ ቤንዚን ሞልተው ወዲያው አሥር ማይል ያህል ይንዱት። ነዳጁ 70 በመቶ ኢታኖል ከነበረ፣ መደበኛው ቤንዚን 10 በመቶ ስለሚይዝ፣ ድብልቁ ወደ 40 በመቶ ይወርዳል። በሚቀጥሉት ብርዳማ ጠዋቶች መኪናው ያለችግር ከተነሳ ፓምፑን አይንኩት፤ አሁንም ካስቸገራቸው ከውሃው ሴንሰር ይጀምሩ። ዓምደኛችሁም ወደፊት እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲቀርብላቸው መኪናው መቼና ምን እንደተቀዳ፣ ከተቀዳም በኋላ ምን ያህል እንደተነዳ አስቀድመው እንዲጠይቁ በአክብሮት አሳስባለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
የጋዜጣችሁ አንባቢ፣ ከሚኒያፖሊስ