ከረሆቮት ወደ ጎንደር፦ የሀኑካ ሰሞን ደብዳቤ

ሆድዬ፣ እንዴት ሰነበትሽ? ልጆችሽ እንዴት ናቸው? እናትሽስ ጉልበታቸው ተሻላቸው? እኛ እዚህ እስራኤል፣ ረሆቮት፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን።

ዝምታችን ረዘመ። መጀመሪያ በእናንተ በኩል ኔትወርክ ጠፋ። ወዲያው በእኛ በኩል ጦርነት መጣ። ከዚያ ደግሞ “ነገ እደውላለሁ” ሲባል ጊዜው ነጎደ። ማን ቀድሞ ዝም አለ ብለን አንጣላም። አንብበሽ ሁለት መስመር ከመለስሽልኝ ይበቃኛል።

ያኔ ስናወራ “ሀኑካ የምትሉት የእናንተ ገና ነው እንዴ?” ብለሽኝ ነበር። ስቄ አለፍኩት። ዛሬ አምስተኛውን ሻማ አብርተን ስንጨርስ ጥያቄሽ ትዝ አለኝና ብዕር አነሳሁ። ገና አይደለም፤ ስምንት ሌሊት መብራት የምናበራበት የአይሁድ በዓል ነው። ከገና ጋር የሚያመሳስለው ወቅቱ መቀራረቡ ብቻ ነው።

አንቺ አሁን ጾም ላይ ነሽ፤ ስለዚህ የምግቡን ነገር ቀድሜ ልንገርሽና ልገላገል። ሱፍጋኒያ የሚባል አለ። ፒያሳ በመስታወት እያየን ምራቃችንን የምንውጠው ቦምቦሊኖ ነው፣ ሆዱ ውስጥ ማርማላታ ተጨምሮበት። እንቁላልና ወተት ስላለው ላንቺ አይሆንም፤ ይቅርብሽ። የምሠራው መዋለ ሕፃናት ስለሆነ በዚህ ሰሞን ቤቱም ሥራውም ዘይት ዘይት ይላል። የልጆቹ ጣት በስኳር ዱቄት ይነጣል። ማታ ሹራቤን ሳወልቅ ጀርባው ላይ አምስት ትንንሽ ጣት ታትሞ አገኛለሁ። በዘይት መጥበሱ ቀጥዬ ለምነግርሽ የዘይት ተአምር መታሰቢያ ነው ይባላል።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። አንጥያኮስ አራተኛ የሚባል ሶርያ ላይ የነገሠ ግሪክ ኢየሩሳሌምን ይዞ ሰንበት ማክበርን ከለከለ፣ ልጅ መግረዝን ከለከለ፣ ቤተ መቅደሱን አረከሰ። ሞዲዒን ከምትባል መንደር ማታትያ የተባለ ሽማግሌ ካህን ከአምስት ወንዶች ልጆቹ ጋር ጫካ ገባ። ልጁ ይሁዳ መቃቢ ጦሩን እየመራ ቤተ መቅደሱን አስመለሰ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ164 ዓመት ገደማ አጽድተው እንደገና መረቁት። ሀኑካ የዚያ ምረቃ በዓል ነው። የአንድ ቀን ዘይት ስምንት ቀን ነደደ የሚለው ተአምር በኋላ በታልሙድ፣ የአይሁድ መምህራን ሕግና ትርጓሜ በተሰበሰበበት መጽሐፍ፣ የተጻፈ ነው።

አንቺ ሰንበት ተማሪዋ “መቃብያንማ አውቃለሁ” እንደምትዪ ይታየኛል። የእናንተ መቃብያን ሌላ ነው። ንጉሡም ጺሩጻይዳን ነው። ስሙ ተመሳሰለ እንጂ ታሪኩ አይገናኝም። ደግሞ የሚገርመው፣ የይሁዳ መቃቢን ታሪክ የያዙት መጻሕፍት በአይሁድ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የሉም። በግሪክኛ ጠብቀው ያቆዩዋቸው ክርስቲያኖች ናቸው። የበዓላችንን ታሪክ የእናንተ ወገን አስቀመጠልን ማለት ነው።

የኛ የቤተ እስራኤል ቄስ የነበሩትን አያቴን ታስታውሻቸው የለ? ግንቦት 16 ቀን 1983 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ስንነሳ በእጃቸው የያዙት ኦሪታቸውን ብቻ ነበር። በ36 ሰዓት ገደማ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ነው የተጫነው፤ የአውሮፕላኑን ወንበር ነቅለው ወለል ላይ አስቀመጡን። እዚህ ስንደርስ ሆቴል ውስጥ አሳረፉን። ክረምቱ ሲገባ አንዲት አስተማሪ ሀኑኪያ፣ የሀኑካን መቅረዝ፣ ይዛ መጣችና ከእግር እስከ ራሱ ተረከችልን። አያቴ ጭራቸውን ይዘው ሰምተው ሰምተው፣ “ኦሪት ላይ የት ነው ያለው?” አሉ። አስተርጓሚው ላብ በላብ ሆነ። የለማ! ነገሩ የተፈጸመው ኦሪት ከተጻፈ ብዙ ዘመን በኋላ ነው። የኛ ሰዎች ኦሪቱን ይዘው ታልሙድን ሳያውቁ ስንት ዘመን ኖሩ። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1904 ከመጣው ከአውሮፓዊው አይሁድ ምሁር ከፋይትሎቪች ወዲህ የውጭ አስተማሪዎች አንዳንድ ቦታ ሀኑካን አስተዋወቁት እንጂ ጎንደር አጠገብ ባለችው መንደራችን ወለቃ እኛ ቤት ሀኑካ የሚባል ነገር አልነበረም። የኛ ትልቁ ቀን ስግድ ነው፤ የጾምና የጸሎት በዓላችን።

አሁን ልብ በይ። ዓርብ ማታ ቤታችን ጨለማ እንደነበረ ታውቂያለሽ። “በሰንበት እሳት አታንድዱ” ይላል ኦሪት። የኛ ሰዎች እንዳለ ያዙት። ፀሐይ ሳትጠልቅ እናቴ ምድጃውን ታጠፋለች። ኩራዝ የለ፣ ፋኖስ የለ። ቀዝቃዛ ዳቦ፣ ቀዝቃዛ ወጥ፣ በጨለማው ደግሞ የአያቴ ጸሎት። እዚህ መጥተን ብናይ ሰንበትን በሻማ ነው የሚቀበሉት! ፀሐይ ሳትገባ ያበሩታል፣ እስኪያልቅ ይነዳል። እናቴ ዓመታት አልዋጥ ብሏት ነበር። በሀኑካ መሀል ዓርብ ሲውል ደግሞ ሁለት ዓይነት ሻማ ነው፤ መጀመሪያ የሀኑካው፣ ቀጥሎ የሰንበቱ። እናቴ ዳር ቆማ ታያለች። አትቃወምም፣ አታበራም።

እኔ ግን አበራለሁ። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

አፄ ይስሐቅ በ15ኛው መቶ ዘመን “የተጠመቀ የአባቱን ርስት ይውረስ፣ ያልተጠመቀ ፈላሲ ይሁን” ብለው አወጁ ይባላል። አያቶቼ አንጠመቅም አሉ። ርስት የሌለው ሰው ምን ሠርቶ ይበላል? ወንዱ ብረት ቀጠቀጠ፣ ሴቷ ሸክላ ሠራች። ከዚያ ደግሞ ከእሳት ጋር ስለሚውል ቡዳ ነው ተባለ፣ ማታ ጅብ ይሆናል ተባለ። ይህን ላንቺ መንገር ለቀባሪው አረዱት ነው። እናትሽ እኔ ከቤታችሁ ስወጣ ክታብሽን እየነካኩ ያዩ ነበር። (አንብቢላቸው፤ ይስቃሉ።) አያቴም ብትሆን የዋዛ አልነበረችም። ከናንተ ቤት ስመለስ ወንዝ ወርጄ ሳልታጠብ ደፍ አታስረግጠኝም። “አትንኩኝ” የሚሉን በከንቱ አልነበረም። በክታብሽና በወንዙ መሀል ነው እኔና አንቺ ያደግነው።

እና ሰንበታችሁን ተዉ፣ እንደ ሰዉ ሁኑ፣ ይቅናችሁ ሲባል እምቢ ያለ ሰው ታሪክ ለኔ አዲስ አይደለም። አንጥያኮስን አላውቀውም፤ ነገሩን ግን አውቀዋለሁ።

የሚያመው የሚቀጥለው ነው። ያኔ ከእስራኤል ዋና ረቢዎች አንዱ የነበሩት ኦቫድያ ዮሴፍ በፈረንጅ 1973 ከእስራኤል ነገዶች አንዱ የዳን ነገድ ናችሁ ብለው መስክረውልን ነበር። ሆኖም በሱዳን በኩል የመጡት ወገኖቻችን ሲገቡ በአይሁድነታቸው ላይ “ለጥርጣሬው” ተብሎ ውኃ ውስጥ ካልተነከራችሁ ጋብቻችሁ አይጸድቅም ተባሉ። በዚያ መንገድ ወደ 4 ሺህ የሚጠጋ ሰው ቀብረው የመጡ ናቸው። በፈረንጅ 1985 ኢየሩሳሌም ላይ ሳምንታት ሜዳ ላይ ተቀምጠው አቤት አሉ። አየሽ፣ እዚያ ተጠመቁ ተባልን፣ እዚህ ተነከሩ ተባልን። አያቴ ይህን ሲሰሙ ምንም አላሉም፤ ኦሪታቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ተነሱ።

ዛሬ ብዙ ተለውጧል፤ ሁሉም አይደለም። ስግድ ከፈረንጅ 2008 ጀምሮ በሕግ የአገር በዓል ነው። ዘንድሮም ቄሶቹ በጥላቸው ሥር ኦሪቱን በግዕዝ እያነበቡ፣ በአማርኛ እየተረጎሙ ኢየሩሳሌም ላይ ቆመን ዋልን። ከስግድ ሀኑካ አንድ ወር አይሞላም። ልጄ ሁለቱንም የኔ ነው ትላለች፣ ማንንም አታስፈቅድም። እኔ በሷ ዕድሜ ሳልጠየቅ ነበር የማብራራው።

ስለ ሀኑካ የማልወድለት ነገርም አለ። ስለ ጦሩና ስለ ድሉ ሲዘፈን አብሬ አልጮህም። ትልቁ ልጄ ግንባር በነበረበት ክረምት ስልክ ታቅፌ ነበር የማድረው። ደግሞ ይሁዳ መቃቢ የተዋጋው ከግሪክ ጋር ብቻ አይደለም። የግሪኩን ኑሮ የመረጡ የገዛ ወንድሞቹም ነበሩ። ይህን በመዋለ ሕፃናት አናስተምርም። አንቺ ግን ወንድም ከወንድም ሲዋጋ ምን እንደሚመስል አሁን ከኔ ይልቅ ታውቂዋለሽ።

የምወደውን ደግሞ ልንገርሽ። ታልሙድ እንዲህ ይጠይቃል። አንድ ድሃ የአንድ መብራት ገንዘብ ብቻ አለው፤ የሰንበት መብራት ይግዛ ወይስ የሀኑካ? የሀኑካው በመስኮት ወይም በደጅ የሚቀመጥ፣ ተአምሩን ለአላፊ አግዳሚ የሚያውጅ ነው። መልሱ ግን የቤቱ ይቅደም ነው። ምክንያቱም ለቤት ሰላም ነው፤ ሰው በጨለማ እንዳይደናቀፍ፣ ባልና ሚስት ተያይተው እንዲበሉ። ውጭውን ከማስደነቅ ውስጡ ይቅደም ማለት ነው። የኔ አያቶች መብራቱን ራሱ አጥፍተው ሰንበትን ያከበሩ ናቸው። ታልሙዱን ቢሰሙ ምን ይሉ ይሆን እያልኩ ብቻዬን እከራከራለሁ። ቤቱ ግን ሰላም ነበር፣ በጨለማውም።

እንግዲህ አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ወለቃ መንገድ ዳር ዛሬም ሸክላ ይሸጣል አሉ። ጊዜው ደኅና ሲሆን አንዷን ሸክላ ሠሪ ሀኑኪያ አሠሪልኝ። ሰባት ሳይሆን ዘጠኝ ጉድጓድ ይኑረው፤ ስምንቱ በአንድ መስመር፣ ዘጠነኛው ሌሎቹ የሚለኮሱበት፣ ሻማሽ የሚባለው ስለሆነ ትንሽ ከፍ ይበል። በዘይት ነው የማበራው፤ ጉድጓዱ የቡና ማንኪያ ያህል ዘይት ይያዝ። ጌጥ አልፈልግም። አንበሳም፣ ኮከብም አታስለጥፊበት። ዋጋውን አትከራከሪ፤ የጠየቀችሽን ስጫትና ንገሪኝ፣ እልካለሁ። የእህቴ ልጅ ለፋሲካ ወደዚያ ስለምትመጣ እሷ ታመጣልኛለች። በበርበሬው መሀል ጠቅልላ ብታስገባው አይሰበርም።

ማታ ከሁለት ሰዓት በኋላ ስልኬ ክፍት ነው። ድምፅሽንም ቢሆን ቀድተሽ ላኪልኝ።

ያንቺው
የወለቃዋ